ለይኩን የጠፈነገው መቀነት

አብርሃ ጅራ ከተማ ውስጥ ለይኩንን የማያውቅ የለም። ሃያ ዓመት የሰሊጥ መሬት በትራክተር ያረሰ፣ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ቀልደኛ ነው። ታላቅ እህቱ የትናየት ኩላሊቷን ሰጥታው አዲስ አበባ ተተከለለትና ተመለሰ። በሁለተኛው ወር ግን ከጠባሳው ሥር ሆዱ ያብጥ ጀመር።

ክው ብሎ ቀረ። በዚያ ቆላ ሆድ ሲያብጥ ሰው የሚያስበው የአሸዋ ዝንብ ነክሶ የሚያስተላልፈውን ካላዛርን ነው። ስንቱን የቀን ሠራተኛ ሆዱ ተነፍቶ በትራክተሩ ተሳቢ ጤና ጣቢያ አድርሷል! የእህቱን ኩላሊት ለአሸዋ ዝንብ ያስበላ መሰለው። ከኀፍረቱ የተነሣ ሆዱን በመቀነት ጠፍንጎ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ ሲለው የትናየት ጎትታ ወደ ተከሉለት ሐኪሞች መለሰችው።

ሐኪሟ መቀነቱን ስትፈታ ደነገጠች። መረመረችውና፣ "ካላዛር አይደለም፤ በቀዶ ጥገናው ከተነኩ ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች የፈሰሰ ውኃ ነው የተጠራቀመው" አለችው።

እሱ ቢላ ሲጠብቅ፣ እሷ ቦታውን ብቻ አደንዝዛ፣ በአልትራሳውንድ እያየች ቀጭን ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ አስገባች። እንደ ገለባ ቢጫ የሆነ ፈሳሽ ተንቆረቆረ። ከሊትር በላይ! ለይኩን ዓይኑን ማመን አቃተው።

"ኩላሊቱስ?" አለ።

"ደህና ነው። ውኃው ተጭኖት ነበር እንጂ። ምነው እስካሁን ዝም አሉ?"

"አፍሬ።"

አጠገቡ የቆመችው የትናየት በድንጋጤ አፈጠጠችበት።

"አንተ! ኩላሊቴን ስትቀበለኝ ያላፈርህ፣ አመመኝ ለማለት አፈርህ?"