ከተማ የሌለው ማኅተም

«ምርጫ አለ እንዴ?» አልሽኝ፣ ልቅሶ ልትደርሺኝ መጥተሽ አውራ ጣቴን ስታዪ። የለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተሽ ሳቅሽ፤ ከዚያ ደንግጠሽ አፍሽን ያዝሽ። ምን ያስደነግጥሻል? እኔም ስቄያለሁ። አባዬን ከቀበርን ዛሬ አራተኛ ቀናችን ነው፤ ይህ ወይን ጠጅ ቀለም ግን ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ ብሎኛል። ሽታው ራሱ አልለቀቀኝም። አሽትቺው እስቲ። ብረት ብረት፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። እኔ ይህን ሽታ ሳሸት ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ የከተማችን የአርብ ገበያ ፀሐይ ግንባሬን እየጠበሰኝ፣ ከፊቴ የተኮለኮለውን ሰው «ኧረ በተራ! በተራ!» እላለሁ።

ያኔ ፓርቲ ነበረን። አትሳቂ፣ እውነቴን ነው! ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ተሰብስበው ለብቻቸው ዞን ይሁኑ የሚል፣ የራሳችን ፓርቲ። አንድ ገበሬ በመሬቱ ጉዳይ ይግባኝ ልበል ሲል ሁለት ቀን በእግሩ ይሄዳል፣ ከዚያ መኪና ይሳፈራል፤ ደርሶ ደግሞ አንዲት ወረቀት ጎድላው ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ነገሩ ከዚህ ተነሣ። አባዬ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩና ሊቀመንበር አደረጓቸው። የሚጠሉን «ገንጣዮቹ» አሉን። አባዬ ገበያ መሀል ቆመው፣ «ከማን ነው የምንገነጠለው? ጎጆ እንውጣ አልን እንጂ የአባታችንን ቤት እናፍርስ አልን?» ሲሉ ሰው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በእጅ ጽሑፌ የምኮራ፣ ምላሴም የማይታማ ልጅ ነበርኩ። ከጸሐፊነቴ በላይ ግን ማኅተም ያዥ ነበርኩ። በስልክ ዘመን ላደግሽው ላንቺ ምንም ላይመስልሽ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ማኅተም የሌለው ወረቀት የሱቅ መጠቅለያ ማለት ነበር። አባዬ ማኅተሙን የሰጡኝ ቀን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ያልሆነ ነገር ላይ እንዳታሳርፊው። የሚለምንሽ እኔም ብሆን» አሉኝ። እኔም እንደ እናቶቻችን መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወገቤ ላይ ነበር።

የቀረጹልን እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር የሚኖሩ፣ መስቀል የሚጠርቡ አንድ መሪጌታ ናቸው፤ ከወይራ እንጨት። እኔ፣ አባዬ፣ ስማዳን የወከሉት የወገዳው እህል ነጋዴና እስቴን የወከለው መምህር ዙሪያቸውን ተቀምጠን እናያለን። ፍቅፋቂው ጉልበታቸው ላይ እየረገፈ፣ ያንን ረጅም የፓርቲ ስም ፊደል በፊደል ከታች በኩል አዞሩት። ከላይ በኩል ለዋናው ከተማ ስም ቦታ ለክተው ቢላቸውን አነሡና፣ «ከተማው ማን ይባል?» አሉ።

ሦስቱም ባንድ ጊዜ የየወረዳቸውን ከተማ ጠሩ። አባዬ «አርብ ገበያ»፣ ነጋዴው «ወገዳ»፣ መምህሩ «መካነ ኢየሱስ»። ከዚያማ ጭቅጭቅ ሆነ። መሪጌታው ታገሡ፣ ታገሡና፣ «እንግዲያው ስትስማሙ አምጡት» ብለው ያንን ቦታ ሳይነኩት መለሱልን።

ያልተቀረጸ እንጨት ቀለም ሲነካው ምን እንደሚያደርግ ያሰበ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሳርፈው ከፊደሎቹ በላይ ወፍራም፣ ወይን ጠጅ ቅስት ተጋድሞ ወጣ። አባዬ አፈሩ። «ይህን ይዘን ሰው ፊት እንዴት እንቀርባለን?» አሉ።

በዚያው ሳምንት አርብ፣ ገበያ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን የአባልነት ካርድ ልንሰጥ ተቀመጥን። እስከ ረፋዱ ድረስ የመጣልን አህያ ብቻ ነው፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሊበላ። በኋላ አንዲት ገብስ ሊሸጡ የመጡ እናት ሊያርፉ ጠጋ አሉና ካርዱን አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዙት። «እሰይ! እሰይ! የማርያም መቀነት!» ብለው ቅስቱን ሳሙት። «ዝናብ ሲያባራ የምትወጣዋ! እኔንም ጻፊኝ ልጄ።»

ከዚያ በኋላማ ምኑን ልንገርሽ! ሰው እንደ ንብ ሰፈረብን። ያ ረጅም ስም ተረሳና ፓርቲያችን «መቀነት» ተባለ። ካርዱ ላይ ቀለሙ ሳሳ ያለበት ሰው «መቀነቷ ፈዛብኛለች፣ ድገሚልኝ» እያለ ይመለሳል። የማኅተሙ ድምፅ፣ ጧ! ጧ! ሲል፣ ከአህዮቹ ማናፋት በላይ ይሰማኛል። ማታ እጄን ሳየው እስከ አንጓዬ ወይን ጠጅ ነው፤ አልታጠብም ነበር። ሰው እንዲያይልኝ።

ወገዳ የገባን ቀን ጭቃው ጫማዬን ውጦ አስቀርቶታል። መኪና የማይደፍረውን መንገድ በእግራችን ሄደን ስንደርስ፣ ነጋዴው ከሩቅ አይተውን «ማኅተም ያዧ መጣች!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ለሊቀመንበሩ አልነበረም እልልታው፤ ለእኔ ነበር። አባዬ ዘወር ብለው በቀስታ፣ «ኩሪ፣ ግን ቋጠሮሽ እንዳይላላ» አሉኝ። ዛሬም ድረስ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እስቴም እንዲሁ ተቀበሉን፤ መምህሩ ተማሪዎቹን ሁሉ ካርዱ ላይ ያለውን መቀነት ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስሏቸው ነበር።

ጥቅምት ላይ ፓርቲዎችን ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የዋናው ጽሕፈት ቤት ከተማ ያልተጻፈበት ማኅተም አይመዘገብም፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ አስተካክላችሁ አቅርቡ ይላል። ሦስቱ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ አልተስማሙም። ነጋዴው፣ «መንገድ የሌለን እኛ ነን፤ ከተማው ወገዳ ከሆነ መንገዱም ይመጣል» አሉ። መምህሩም አባዬም የየራሳቸውን አሉ። ሁሉም እውነት ነበራቸው፤ እሱ ነው ችግሩ። በሌላ ቀን ወገዳ ላይ እንገናኝ ተባብለው ተለያዩ።

ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው አባዬ የታጠፈ ወረቀት ሰጡኝና፣ «ማኅተሙን ይዘሽ ለመሪጌታው አድርሺ» አሉኝ። ዓይኔን አላዩም። ቤተ ልሔም እስክደርስ ወረቀቱን አልከፈትኩትም፤ ግን አውቄዋለሁ።

መሪጌታው ዘርግተው አነበቡት። «አርብ ገበያ» ይላል፤ የአባዬ ቆንጆ የአስተማሪ ጽሕፈት። ቢላቸውን ድንጋይ ላይ ሳል ሳል አደረጉና ቀና ብለው፣ «ተስማሙ?» አሉኝ።

አዎ ብል ማን ያውቅብኛል? አዎ ብል ፓርቲው ይመዘገባል፣ ከተማው ከተማዬ ይሆናል፣ አባቴም ይመርቁኛል።

«አልተስማሙም፣ የኔታ» አልኩ።

ቢላውን ቁጭ አደረጉት። «እንግዲያ ምን ላድርግልሽ?»

«ይመልሱልኝ።»

ስመለስ አባዬ ደጅ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ማኅተሙን ገልብጠው አዩት፤ እንዳለ ነው። «ወረቀቱስ?» አሉ። ሰጠኋቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና፣ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ እስከ ገና ድረስ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሱልኝም። በወገዳው ስብሰባ ላይ ማኅተሙን ሳይቀረጽ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ የወረቀቱን ነገር ለማንም አልተናገርኩም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። ስብሰባው ሦስት ቀን ፈጀ። ነጋዴውና አባዬ ተኳርፈው ተለያዩ። ሠላሳው ቀን አለቀ።

ፓርቲው ወዲያው አልሞተም፤ እያደር ነው የሟሸሸው። መጀመሪያ መምህሩ የእስቴን ሰዎች ይዞ ቀረ። ከዚያ ወገዳዎች ስብሰባ መምጣት ተዉ። በመጨረሻ እኔና አባዬ ብቻ አርብ አርብ ጠረጴዛችንን ዘርግተን እንቀመጥ ጀመር፤ ሰዉ ሰላም ብሎን ወደ ገብሱ ያልፋል። አንድ አርብ እኛም ሳንወጣ ቀረን። ታፔላችን የጎረቤት ዶሮ ቤት በር ሆነ። ከዶሮዎቹ በላይ የፓርቲያችን ስም ሲነበብ አየሁና ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጸጉሬ ሸበተ። ከአባዬ ጋር ሰላም ነበርን፤ በጣም እንዋደድ ነበር። ያችን ቀን ግን አንሥተናት አናውቅም። ፓርቲውን የገደልኩት እኔ ነኝ ወይስ አይደለሁም? የሆነው ሆኖ አዎ ብዬ ቢሆን ኖሮስ? ይህን የሚፈርድልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔም ሳልጠይቃቸው፣ እሳቸውም ሳይነግሩኝ ዘመኑ አለቀ።

በዚህ ክረምት አባዬ አልጋ ሲይዙ የወገዳው ነጋዴ በምርኩዝ መጡ። የዚያን ሁሉ ዘመን ኩርፊያ ባንድ ከሰዓት ጨረሱትና በር ዘግተው ሲያወሩ ዋሉ። ስለ ድሮ ነው ብዬ አልገባሁባቸውም።

የቀብሩ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሦስቱም ወረዳ በመጣ ሰው ሞልቶ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ሊነበብ ሲል ነጋዴው ጠቀሱኝ። እጃቸው ላይ ወረቀት አለ።

«ማኅተሟ አለች?»

«ቤት አለች።»

«አስመጪያት። አባትሽ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንዳታነብልኝ ብለውኛል።»

ልጄ ሮጦ አመጣልኝ። ቀለሙ ከደረቀ ስንት ዘመኑ! ውኃ ጠብ አድርጌበት በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ ነፍስ ዘራ። የወረቀቱን ጽሑፍ ሳላነብ ከግርጌው ላይ አሳረፍኩ። ጧ! አለ። ያችን ቅስት ሲያዩ ከፊት የቆሙት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ኪሱ ገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣ።

ነጋዴው ማንበብ ጀመሩ። ትውልዳቸው፣ ትምህርታቸው፣ ያስተማሩባቸው ቦታዎች። ከዚያ ወደ እኛ ደረሰ። «ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል» አሉ። «የመጀመሪያው ገበሬ ነው። ሁለተኛው ሹፌር ነው። ሦስተኛው ነጋዴ ነው።» እዚህ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ሴቷ ማኅተም ያዥ ናት። የለመንኳት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ አላሳረፈችም።»

በር ዘግተው ያስጻፉት ይህንን ኖሯል፤ ቃሉ የአባዬ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ መሆኔን አባዬ ያውቃሉ። ነበረች አላሉም፣ ናት አሉ።

እና ጣትሽን በሎሚ እሺው አትበይኝ፤ ይቆይልኝ።