ዱራሜ ላይ በመዝሙር የተነገረ እንግሊዝኛ

ጠዋት፣ ሆሳዕና

ከቤት የወጣሁት ለባለቤቴ ታናሽ እህት ለአስቴር ብዬ ነው። አስቴር ሙዱላ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ባሏና የዓመት ልጇ ዱራሜ ናቸው። ዛሬ ዱራሜ በገምጋሚዎች ፊት የናሙና ትምህርት ትሰጣለች። ካለፈች ወደዚያ ትዛወራለች፤ ካልሆነ ልጇን ቅዳሜ ቅዳሜ እያየች ትቀጥላለች። እኔም የዚያው ቋንቋ መምህር ነኝና «ጋሼ፣ ኋላ ተቀመጥልኝ፤ ፊትህን ሳይ እረጋጋለሁ» አለችኝ። ፊቴ ሰው ሲያረጋጋ የመጀመሪያው ነው።

ሚኒባሱ የሆሳዕናን ግማሽ ሕዝብ ጭኖ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ!» አለ ረዳቱ።

«ከዚህ በላይ ከተጠጋሁ መንዳት ልጀምር ነው።»

አንጋጫ

መንገዱ ግራና ቀኝ እንሰት ነው፤ ከእንሰቱ ኋላ ሌላ እንሰት። ሻይ ሃያ ብር ገብታለች፤ ስኳሩ ግን የአርባ ነበር።

ረፋድ፣ ዱራሜ

ትምህርቱ የእንግሊዝኛ ቃል የትኛው ክፍሉ ጎልቶ እንደሚነገር ነው። አስቴር «ፎቶግራፈር» ብላ ጻፈች። «ቶ» ላይ ሞቅ፣ ሌሎቹ ላይ ቀስ ተደርጎ ይጨበጨባል።

ችግሩ፣ ክፍሉ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ያልሆነ ተማሪ የለም። በሁለተኛው ዙር ጭብጨባው እኩል ሆነ፤ ሴቶቹ በቀጭን፣ ወንዶቹ በወፍራም ድምፅ ተቀባበሉት። ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። እንዲህ ያማረ ፎቶግራፈር በዕድሜዬ አልሰማሁም፤ ግን የቃሉ ክፍል ሁሉ እኩል ጎልቶ እንግሊዝኛነቱ ጠፋ።

«መምህርት፣ የመዝሙር ልምምድ ነው እንዴ?» አለ አንዱ ሸበቶ ገምጋሚ።

ማስጨብጨቡን የመከርኳት እኔ ስለሆንኩ የሚያረጋጋ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አስቴር እጇን አነሳች። ጸጥ አሉ። አራቱን የቃሉን ክፍሎች ለአራቱ ረድፎች አከፋፈለች።

«መሪው ሁለተኛው ረድፍ ነው፤ ተነሱ! ሌሎቻችሁ አጃቢ ናችሁ፣ በሹክሹክታ።»

ቃሉ ከለንደን የመጣ መሰለ። «ፎቶግራፍ» ስትል ደግሞ የመጀመሪያው ረድፍ ተነሳ፣ ሁለተኛው ተቀመጠ።

«ለምን አስቆምሻቸው?» አለ ሸበቶው።

«ዘማሪዎች ናቸው፣ ጋሼ። መሪውን ካላዩ ሁሉም ይመራል።»

ሰውየው ሳቁን ለመደበቅ ወደ እስክሪብቶው አቀረቀረ። ከምሳ በኋላ ጠርተው ማለፏን ነገሯት፤ ቤቷ ድረስ በሩጫ ተከተልኳት።

አመሻሽ፣ ሆሳዕና

የጉዞው ትምህርት አጭር ነው፤ አንዱ እንዲጎላ ጎረቤቶቹ ዝቅ ማለት አለባቸው። ይህን ለባለቤቴ በር ላይ ላብራራላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«እሱን ተወውና፣ አለፈች?»

«አለፈች።»

እልልታዋ ጃጁራ ሳይሰማ አልቀረም።

«ልጁስ?»

«ስወጣ ጀርባዋ ላይ ነበር። አያቱ፣ የባሏ እናት፣ እንኳ ስጪኝ ለማለት አልደፈሩም።»