ችግኙ ውጭ ያደረ ለት

ልጅ ሆኜ፣ የአቃቂ ወንዝ ገና መሽተት ሳይጀምር፣ እኔና እናቴ የምንኖረው ከአጎቷ ከጋሽ ይርዳው ቤት ነበር። ምድር ባቡር በጡረታ ያሰናበታቸው፣ ወንዝ ዳር ባለቻቸው ቁራጭ መሬት ቲማቲም አልምተው የሚያድሩ ሰው ነበሩ። ያኔ የታኅሣሥ ውርጭ ቅጠልን እንደ እሳት ይለበልብ ስለነበር ዘሩን ውጭ አይዘሩትም፤ በባዶ ጣሳ ዘርተው ምድጃው አጠገብ ያበቅሉታል። ቤታችን ለሰው ጠቦ ለጣሳ ሰፍቶ ነበር።

ችግኙ ስንዝር ሲሞላ ውጭ ውጭውን የማስለመዱ ሥራ ይጀመራል። የመጀመሪያው ቀን አጥር ጥላ ሥር ጥቂት ቆይቶ ይገባል፤ በማግስቱ የጠዋት ፀሐይ ይነካዋል፤ ከዚያ ነፋሱን ይቀምሳል፣ ውሃውም ይቀነስበታል። ማታ ማታ ጣሳው ሁሉ ተመልሶ ይገባል። ሰባት ቀን እንዲህ ከተመላለሰ በኋላ ነው ውጭ የሚያድረው። በቀደም አንድ ከወረዳ የተላከ ልጅ እዚህ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ፣ በረንዳዬ ላይ ያለውን ችግኝ አይቶ፣ «እማማ፣ ቀስ በቀስ ያለማምዱት» ብሎ ሊያስተምረኝ ቃጣው። አባትህ ሱሪ ሳይታጠቅ ነው የማውቀው አልኩት። ድካሙን ግን ያወቅሁት አሁን ነው፤ ያኔማ ጉልበቴ መቼ ይሰማኝ ነበር።

ጣሳ ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ። እንዳልሰለች ጋሽ ይርዳው ተረት አበጁልኝ። የመጨረሻው ጣሳ ሲገባ፣ ኩራዙ ተለኩሶ ጭሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ ውርንጭላዬን በላብኝ ብላ ጅብን ከስሳ ጦጣ ዳኛ ፊት ስለቆመች አህያ ያወሩልኛል። ከተረታች ጅቡ እሷንም ይበላታል። በየምሽቱ አንድ ምስክር ብቻ ይቀርባል። ቁራ መሰከረላት፣ ኤሊ መሰከረችላት፣ ጃርትም መሰከረላት። ፍርዱን ስጠይቃቸው «ችግኙ ውጭ ያደረ ለት» ይሉኛል፣ ሌላ መልስ የላቸውም። በአራተኛው ምሽት ቀበሮ መጥቶ ለጅቡ ሲመሰክርለት አንጀቴ አረረ። ሌላ ሦስት ቀን መጠበቅ አቃተኝ።

በአምስተኛው ቀን ጋሽ ይርዳው ሳሪስ ለቅሶ ሄደው እዚያው አደሩ። ሲወጡ ጣሳውን እንዳስገባ ሁለት ጊዜ ነግረውኝ ነበር። እናቴም ከፋብሪካ ደክሟት ገብታ ጣሳ ይኑር አይኑር ሳታይ ተኛች። እኔም አላስገባሁትም። ውጭ ካደረ የግዳቸውን ፍርዱን ይነግሩኛል፤ የልጅ ስሌቴ ይኸው ነበር።

ጠዋት ስወጣ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ጣሳው አፍ ላይ ተኝቷል። ጋሽ ይርዳው ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ መጥተው ግንዱን አንድ በአንድ በሁለት ጣታቸው ጨበጥ እያደረጉ አዩት። አንድም ለተከላ የሚተርፍ አልነበረም። መቱኝ ብል ውሸት ነው፤ ምነው በመቱኝ። ያን በጋ መሬታቸው ጦሙን አደረ፣ እሳቸውም በዚያ ዕድሜያቸው የሰው ማሳ ሊቆፍሩ ወጡ።

የዚያኑ ምሽት ግን ራሳቸው ጠሩኝ።

«ነይ ተቀመጪ። ውጭ አድሯል አይደል?» አሉኝ። «ዳኛው አራት ምስክር ሰማ። ሦስቱ መንገድ ላይ ነበሩ፣ አልደረሱም። ባለው ፈረደ። አህያዋ ተረታች።»

ኩራዙን እፍ ብለው ጋደም አሉ። እኔ ጨለማው ውስጥ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

ካገባሁ ከወለድኩ በኋላም ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሦስቱ እነማን ነበሩ፣ ምንስ ይሉላት ነበር ብዬ። «አልደረሱማ፤ እኔስ በምን አውቃቸዋለሁ» ብለውኝ እንደዚያው ሞቱ። ለልጅ ልጆቼ ሳወራ ከራሴ ሦስት ምስክር ፈጥሬ አህያዋን ላተርፋት ሞክሬ ነበር፤ አፌ ላይ ሲደርስ ውሸት ውሸት ይለኛል። ስለዚህ በአራቱ አቆማለሁ። ልጆቹ ያኮርፋሉ። ያኩርፉ።