ኔትወርክ ያለው ሽንት ቤቱ ደጃፍ ነው

ኮሌጅ ስገባ ከኮርሶቻችን አንዱ በስልክ ብቻ እንደሚሰጥ ሲነገረን ደስ ብሎኝ ነበር። በጠዋት ከቁስቋም ወርጄ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ይቀርልኛል፤ ያልገባኝን ደግሞ ቅጂውን ከፍቼ ደግሜ እሰማለሁ። ሁለቱንም አላጣሁም። ግን ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የለም። በግቢያችን ድምፅ ሳይቆራረጥ የሚሰማው ስድስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት ሽንት ቤት ደጃፍ ላይ ብቻ ነው።

እዚያ በርጩማ ይዤ እቀመጣለሁ። ሽታው ይለመዳል ብለውኝ ነበር፤ አልተለመደም። በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ ነው የምማረው። ዝንቡ ከቆርቆሮው በር ሥር ይወጣና ስክሪኑ ላይ፣ መምህሩ ግንባር ላይ ያርፋል። ሳባርረው ከንፈሬ ላይ ይመጣል።

አንድ ቀን ከሃያ የሚያዝ ገለጻ ማቅረብ ነበረብኝ። ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ። ልጀምር ስል መምህሩ፣ “ካሜራ ክፈቺ፤ ፊቱን ላላሳየ ውጤት አልሰጥም” አሉ። በሩ እንዳይታይ የአባቴን ጋቢ ሰቀልኩበትና ካሜራውን ከፈትኩ።

ገና መሀሉ ላይ ስደርስ ጎረቤታችን አዛውንቱ ውኃ በጣሳ ይዘው መጡ። ማይኩን ዘጋሁ።

“አባባ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ። ውጤት አለው።”

“እኔ እታገሥ ነበር፣ ልጄ። ሆዴ ነው እንቢ ያለው” አሉና ጋቢውን ወደ ጎን ገፍተው ገቡ።

ማይኩን ከፍቼ ቀጠልኩ። ከኋላዬ የሚወጣውን ድምፅ ክፍሉ ሁሉ ሰማው። የሳቅ ምልክት ተደረደረ። አንዱ፣ “ኧረ እኛም ጋ ሸተተን!” ብሎ ጻፈ። ድምፄን ከፍ አድርጌ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

“ለትምህርት ክብር ይኑርሽ እንጂ! ደህና ቦታ መምረጥ አቃተሽ?” አሉ መምህሩ።

ከሃያው ዘጠኝ ሰጡኝ፤ “የቦታ ምርጫ ችግር” የሚል ማስታወሻ አለበት። ቢያዩት ይገባቸዋል ብዬ በሩን፣ በርጩማዬንና ዝንቡን ፎቶ አነሣሁ። ኔትወርክ ያለው እዚህ ብቻ መሆኑን በትሕትና ጽፌ ላክሁላቸው።

መልሳቸው ወዲያው መጣ። “እባክሽ እንዲህ ያለ ፎቶ አትላኪልኝ፤ ምሳ ላይ ነኝ።”

ውጤቱ አልተስተካከለም። እኔም ያንኑ ደቂቃ፣ “እሺ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” ብዬ መለስኩ። ከዚያ ሁሉ አሁንም የሚያቅለሸልሸኝ ይህ መልሴ ነው።