ያልተተወው መውጫ

ግሌናባ መሸመኛው ፊት ተቀምጣ ምንጣፉን ከታች እስከ ላይ በዓይኗ ዳሰሰችው። ግራጫው መደብ፣ ቀዩ መብረቅ፣ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር ጠርዝ፣ ሁሉም ልክ ነው። ላይ የቀረው ጣት የማያስገባ ክፍተት ብቻ ነበር። ድንገት ልብ አለች፦ መውጫውን አልተወችም።

በጥቁሩ ጠርዝ ላይኛ ጥግ ከመደቡ ተነሥቶ እስከ ዳር የሚወጣ፣ መውጫ የሚሆን አንድ ቀጭን ግራጫ ክር መግባት ነበረበት። በወገኖቿ እምነት የምትሸምን ሴት ሐሳቧን ሁሉ ሥራው ውስጥ ስትጨምር ትከርማለች፤ ጠርዙ ዙሪያውን ከተዘጋባት ሐሳቧ እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ ሌላ ምንጣፍ የምትጀምርበት ልብ አይተርፋትም።

ዕድሜዋን ሙሉ ረስታው አታውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ራሷ አስታውሳውም አታውቅም። ታላቅ እህቷ አጠገቧ የበግ አጎዛ ላይ ተቀምጣ ሱፍ ስትፈትል፣ መውጫው ጋ ሲደረስ ቀና እንኳ ሳትል «በሩን!» ትላት ነበር። «ሰማሁ» ትላለች እሷም፣ ቆጣ ብላ። እህቷ ቅጠል ሲረግፍ ሞተች። እንዝርቷ አብሯት ተቀበረ፤ ስሟንም ከዚያ ወዲህ ማንም አይጠራም፤ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም።

ከሰዓት በኋላ የዚያችው እህቷ ልጅ ዴልበርት፣ እሷንም እንደ እናቱ የሚጠራት፣ በመኪናው ውኃ ጭኖ መጣ።

«እማ፣ ምነው? በግ የጠፋባት ሰው መስለሻል።»

«መውጫውን ዘጋሁት።»

«ታዲያ ተዪዋ! ማን ያየዋል?»

«ውስጥ የተዘጋብኝ እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ቸገረህ! ና ተቀመጥ። ጠርዙን ልፈታው ነው። ቦታው ጋ ስደርስ ‹በሩን› በለኝ።»

«ቦታው የቱ ጋ ነው?»

«እናትህ የነበረችው ታውቀው ነበር።»

ዴልበርት ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ግሌናባ ጥቁሩን ማግ በመርፌ ጫፍ እያነሣች መፍታት ጀመረች።

«በሩን!»

«ገና ነው፣ አንተ ግንድ!»

«በሩን!»

«አሁንስ ዝም በል!»

ሁለቱም ሳቁ። ዴልበርት ግን ባዶውን አጎዛ አየና ሳቁ ተቋረጠ። ባርኔጣውን አጠለቀ፤ «በጎቹን ልያቸው» ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ሲነሣ ተሰማት።

ጠርዙን እስከ ጥጉ ፈታችው። ግራጫውን ክር በመርፌው ካስገባች በኋላ እጇ አየር ላይ ቆመ፤ የለመደውን ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ደጅ ነፋሱ አሸዋ ያንሿሿል። በጎቹ እንኳ ዝም ብለዋል።

«በሩን» አለች፣ ለራሷ።

ወደ ባዶው አጎዛ ዞር አለች።

«ሰማሁ» አለች ቆጣ ብላ፤ ክሩንም እስከ ዳር አወጣችው።