እርጥብ ጆንያ የለበሱት ሸክላዎች

ጓደኛዬ ዲጄ ነው። አዋሽ ሰባት ሠርግ ካለ እሱ አለ። ፍላሹን ይሰካል፣ ሙሽሮቹን ያስገባል፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። እንጀራው ይህ ነው። ፍቅሩ ግን ቴክኖ ነው፤ ቃል የሌለው፣ ከበሮ ብቻ የሚመታ የፈረንጅ ሙዚቃ፣ ያውም በሸክላ። እናቱ የጓሮ ክፍላቸውን ለአንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ፣ ለፈረንጅ፣ አከራይተው ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልዘጋ አለውና ማጫወቻውንና ሃያ ሦስት ሸክላ ትቶ ሄደ። እናትየው አንዱን የድስት ማስቀመጫ ሊያደርጉት ሲሉ ነው ጓደኛዬ የደረሰው።

አስተያየት አያልቅበትም። «ፍላሽ ውስጥ ሦስት ሺህ ዘፈን አለ፤ አንዱንም አታውቀውም። ሸክላ ሲያልቅ ተነስተህ ትገለብጠዋለህ። የሚነሳ ዲጄ አያንቀላፋም» ይላል። ከበሮውን አቁሞ «እጅ ወደ ላይ!» የሚል ዲጄ ለእሱ መንገድ መሃል ቆሞ ጥሩምባ የሚነፋ ሾፌር ነው። በአንድ ቀን አንድ ሸክላ ሁለት ጊዜ የሚያጫውት ደግሞ ቀልዱን የሚደግም አጎት። ጭረት ይወዳል፣ አቧራ ይጠላል። አዋሽ ውስጥ አቧራ መጥላት የሙሉ ቀን ሥራ ነው።

እኔ ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም ጻፍልኝ ብሎም አልለመነኝም። ቃል የሌለው ሙዚቃ ያናድደኛል።

«ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው?» አልኩት አንድ ቀን፣ የአንዱን ሸክላ አንድ ፊት እስከ መጨረሻው ካዳመጥኩ በኋላ።

«ከገዋኔ ወደ ሚሌ ስትሄድ ሜዳው መቼ ነው የሚጀምረው?»

«እኔ እዚያ ጋ እተኛለሁ።»

«ለዚህ ነዋ ግጥምህ ሁሉ ተራራ የሆነው። ሜዳ ማየት አትችልም።»

ትልቁ ጉራው ግን ሌላ ነበር። ሸክላውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጎ፣ «ስሙ ባይጻፍበትም ግድ የለኝም። ጠቆር ያለው ቦታ ዝም የሚልበት ነው፤ ነጣ ያለው ከበሮው የሚመታበት። እኔ በዓይኔ ነው የምሰማው» ይላል። እስቅበት ነበር።

የምሠራው ሰመራ ነው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል። ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር የምንሰበሰብበት ጭማቂ ቤት አለ። ባለቤቱን ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ዘፈን አያስከፍቱም። «ሰው ማንጎውን እየጠጣ የሌላ ሰው ፍቅር ለምን ይሰማል?» ነው የሚሉት። ቃል የሌለው ሙዚቃ አለ ስላቸው አሰቡ።

«ምንም ቃል?»

«ምንም፣ ሐጂ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ አንድ ሰዓት ያጫውት። ሰው ከወደደው በየቅዳሜው ይምጣ። ካልወደደው ጭማቂ ጋብዘን እንሸኘዋለን።»

ጓደኛዬ ሸክላዎቹን ከእናቱ ጓሮ ውጪ አጫውቶ አያውቅም። ወሬውን ስነግረው ለሁለት ቀን ያህል አስተያየት መስጠት አቆመ፤ ያኔ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከበደው የገባኝ። ማጫወቻውንና ስፒከሩን ታቅፎ ዓርብ ዕለት ቀድሞኝ ወደ ሰመራ ሄደ። እኔ ፈቃድ ወጥቼ አዋሽ ቤተሰቤ ጋ ነበርኩ፤ ሸክላዎቹን ቅዳሜ እንዳመጣለት በካርቶን ሰጠኝ።

«ሙቀት እንዳይነካቸው። ከነካቸው አለቀልኝ።»

«አታስብ አቦ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነበር፤ እግር ስር ሳይቀር ሽንኩርት ተጭኗል። ብልሃት ግን አላጣሁም። በዚያ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ሁሉ ጀሪካኑን በጆንያ ይጠቀልላል፣ ጆንያውን ያርሰዋል፣ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ያንጠለጥለዋል። ሚሌ ሲደርስ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል። ለውሃ የሠራ ለሸክላ ምን ይሳነዋል? ካርቶኑን በጆንያ ጠቅልዬ ሁለት ጣሳ ውሃ አፈሰስኩበት። ረዳቱ ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ጋ፣ አሰረልኝ።

«ሥጋ ነው?» አለኝ።

«ሙዚቃ ነው።»

«ሙዚቃም ይሸታል እንዴ?» አለና ገመዱን አጠበቀ።

አዋሽ አርባን ስናልፍ በራሴ ኮርቼ ነበር። ገዋኔ ላይ ወርጄ ጆንያውን እንደገና ላርሰው አስቤአለሁ። ግን ገዋኔ ስንደርስ ተኝቻለሁ። የነቃሁት ሚሌ ነው። ጆንያው እንደ ቋንጣ ደርቋል።

ጓደኛዬ ካርቶኑን የከፈተው ጭማቂ ቤቱ በር ላይ ነው። የወረቀት ልባሶቹ መጀመሪያ ረጥበው፣ ኋላ ደርቀው ከሸክላዎቹ ጋር ተጣብቀዋል። ስም የተጻፈባቸው መሃል ያሉት ክብ ወረቀቶችም አብረው ተገሽልጠዋል። ሸክላዎቹ ራሳቸው አንዱ እንደ ቂጣ ተጣሟል፣ ሌላው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ሆኗል። ከሃያ ሦስቱ፣ ካርቶኑ መሃል የነበሩ ሦስት ብቻ ደህና ተገኙ። አራተኛዋ ትንሽ ጎበጥ ብላለች።

«ምን አደረግሃቸው?»

«እንደ ውሃ አቀዘቀዝኳቸው።»

«እንደ ውሃ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ደህናዎቹን ብብቱ ስር አደረገ።

«ሰው መጥቷል! ሙዚቃው የት አለ?» አሉ ሐጂ ከውስጥ።

የመጀመሪያውን ሸክላ በሸሚዙ ጠርጎ ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረገው። ስም የለውም። ዓይኑን አጠበበ። «ይቺ በዝምታ ነው የምትጀምረው» አለ። መርፌውን አስቀመጠ። እውነትም በዝምታ ጀመረች። ከዚያ ከሩቅ እንደሚመጣ የጭነት መኪና፣ ትንሽ በትንሽ፣ ከበሮው መጣ። በር ላይ የቆመ ባጃጅ ነጂ ሞተሩን አጠፋ። ሁለተኛዋንም አወቃት። በሦስተኛዋ ተሳሳተ፤ ዝም ትላለች ያላት በአንድ ጊዜ ፈነዳችና አንዲት ተማሪ አቮካዶዋን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ጓደኞቿ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ሐጂ ግን ቅንድባቸውን አነሱ።

ሩብ ሰዓት ሲቀር ደህናዎቹ በሁለቱም ፊት አለቁ። ድገም አልኩት። ጎባጣዋን አነሳ።

መርፌው በእያንዳንዱ ዙር ይወጣል፣ ይወርዳል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ይረግባል። ከበሮው ይወዛወዛል። አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ፤ ያየሁትም የሐጂን ጫማ ነው። ጫማው ከከበሮው ጋር መሬቱን ይመታ ነበር።

«ይቺ ግመል ናት» አሉ። «ወላሂ ግመል ናት! የቀደሙት መኪና ነበሩ። ይቺ ጭነቷን ይዛ ትሄዳለች። ስሟ ማን ነው?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። «ገጣሚው ያውቃል» አለና ስክሪብቶና ቁራጭ ፕላስተር ሰጠኝ። «ስም ብቻ። ግጥም እንዳታደርገው።»

ጻፍኩ። ሸክላዋ አልቃ ሲያነሳት መሃሏ ላይ ለጠፍኩት። «ገዋኔ ላይ የተኛው» ይላል።

አነበበው። ሊቆጣ ነው ስል ትከሻው በሳቅ ተነቃነቀ።

«ለቀጣዩ ቅዳሜም ይዛችኋት ኑ» አሉ ሐጂ። «አሁን ግን ድገማት።»

አንድ ሸክላ በአንድ ቀን የማይደግመው ጓደኛዬ ሐጂን አየ፣ እኔን አየ፣ መርፌውን መልሶ ዳር ላይ አስቀመጠ።