ቦቢ ዛሬ እናቴን ነከሳት

ዛሬ ጠዋት የራሳችን ውሻ ቦቢ እናቴን ነከሳት።

በረንዳው ላይ ተኝቶ ሳለ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ሳታየው በእግሯ ነካችው። ደንግጦ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ወዲያው ለቀቃትና ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እናቴን አሳክሜ ስመለስ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ። "አርጅቶ መስማት አቁሟል፤ ስትመጡ አያውቅም" አለኝ። "ከመጠጋታችሁ በፊት ወለሉን መታ መታ አድርጉለት። መተላለፊያ ላይም አታስተኙት።"

(ስንጠራው ዝም ሲል "ኮራ!" እያልን እንስቅበት ነበር።)

አከራያችን ግን "ልጄ፣ ግቢው ውስጥ ሕፃናት አሉ። እስከ እሁድ ውሰጂልኝ" አሉኝ። ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

ወለንጪቲ ላለው አጎቴ ደወልኩ። "የማይሰማ ውሻ ምን ይጠብቅልኛል?" አለኝ።

እናቴ እግሯ እንደተጠቀለለ ምግቡን አቀረበችለት። አልበላም።

እንዲህ ያለ ውሻ የነበራችሁ፣ እናንተስ ምን አደረጋችሁ?